የኮከቡ ነፋስ አባቴ አውድማ ላይ

ኢንተርኔት ቤት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። አንድ ሰኞ ኢሜይሌን ብከፍት፣ ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ የጥንድ ኮከቦችን ነፋስ እንዳጠና ተቀብሎኛል። መልሴን እስከ አርብ ይፈልጋሉ። ደስታዬ ከበሩ ሳልወጣ ቀዘቀዘ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ቡሬ ገጠር ብቻቸውን ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምደርስላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ሂጂ ካላሉኝ አልሄድም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ስሄድ ስንዴ እያበራዩ ደረስኩባቸው። በሬዎቹ ነዶው ላይ ይዞራሉ። ጫማዬን አውልቄ አውድማው ውስጥ ገባሁና ሰላምታው ሳያልቅ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት። እኔ ሆዴ ውስጥ ወሬ አያድርም።

አባቴ በሬዎቹን አንድ ዙር አስዞሩና፣ «የምን ነፋስ ነው የምታጠኚው?» አሉ።

«ሁለት ኮከቦች አሉ አባባ። አንዱ ትንሽ ነው፣ ግን ክብደቱ ጉድ ነው፤ ከጓደኛው ጋዝ እየሳበ ይመገባል። የሳበው ግን ቀጥ ብሎ አይወድቅለትም፤ እንደነዚህ በሬዎች እየዞረ ነው የሚጠጋው። ሲዞር ይፋተጋል፣ ኤክስሬይ እስኪያወጣ ይግላል። ያኔ ከላዩ ነፋስ ይነሳል። አንዳንዴ ነፋሱ ይዞት የሚሄደው ኮከቡ ከሚውጠው ይበልጣል።»

«ነፋሱን በምን ያዩታል?»

«አይታይም። ብርሃኑ በነፋሱ መሃል ሲያልፍ የሚጎድለው ነገር አለ። በጎደለው ነው የምናውቀው።»

አንድ ጭብጥ ገለባ አንስተው ለቀቅ አደረጉና ወዴት እንደሚሄድ ተመለከቱ። «እኔም እስከ ዛሬ አላየሁትም» አሉ። ቀጥለውም፣ «የወሰደውስ ምን ይሆናል?»

«ይበተናል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ኮከብ ሲሠራ ይገባበታል።»

«እንግዲያ አልጠፋም» አሉና መንሻቸውን አነሱ። ስለ መሄዴ አንድ ቃል የለም።

ረቡዕም ዝም። «አባባ፣ ያ ነገር» ስል፣ «ያንን በሬ መልሺው» ይሉኛል። እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ለነፋሱ ሲሰጡ አጠገባቸው ቆሜ እብቁን ስጠርግ ዋልኩ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ እንባዬም እንደዚያው። ከገለባው ክምር ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እንቢታቸው ይህ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ደግሞ መልሼ አንጀቴን በሉኝ፤ ማን አላቸው?

ሐሙስ እህሉ በአህያ ተጭኖ ቤት ገባ። የመጨረሻውን ጆንያ ጎተራ ውስጥ ገልብጠው እጃቸውን ሲያራግፉ፣ «እንግዲህ አልመጣም ብዬ ልጽፍላቸው ነው» አልኳቸው፣ ፊቴን አኮሳትሬ።

ደነገጡ። «ማን ከለከለሽ?»

«ሦስት ቀን ዝም አሉኝ እኮ!»

«አውድማ ላይ የመሄድ ወሬ ይነሳል እንዴ? እህሉ ቤት ሳይገባ መለያየት ከተወራ በረከቱ አብሮ እንደሚሄድ አታውቂም? እናትሽ አልነገረችሽም?»

ክው አልኩ። ነግራኛለች። ልጅ ሆኜ አውድማ ላይ «ልሂድ» ያልኩ ቀን አፌን በእጇ የከደነችው እሷ ናት። ስንት ዓመት ተምሬ ይህን ረሳሁት።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «አፌን ይዤ የከረምኩት ቀሎኝ መሰለሽ? ሌሊቱን ሁሉ ያንን ኮከብሽን ሳስብ ነበር። እሱ እንኳ ያገኘውን ሁሉ ውጦ አያስቀርም አልሽ። እኔ ልጄን ውጬ ላስቀር ነው? ሂጂ።»

እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

በማግስቱ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። መኪናው ሲቆም ጋቢያቸው ላይ ገለባ ተሰክቶ አየሁና ላራግፍላቸው እጄን ብሰድ ያዙኝ።

«ተይው፣ እሱ እንኳ ይቆይልኝ» አሉ።