«ይህን ክሬም ማን ሰጠሽ?»

«ይህን ክሬም ማን ሰጠሽ?» አሏት የቆዳ ሐኪሙ፣ ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ።

ታናሽ እህቴ ከጎኗ የተቀመጥኩትን እኔን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «ባቲ ገበያ ገዝቼው ነው» አለቻቸው።

ውሸቷን ነው። የሰጠኋት እኔ ነኝ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው «ለሙሽርነትሽ ትንሽ ፈካ በይ» ብዬ በእጇ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ጠይሙ ፊቷ ምንም አልጎደለውም ነበር።

መጀመሪያ ቀላች። ያያት ሁሉ «ማሻአላህ» ሲላት እኔም አብሬ ኮራሁ። (ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንዳችንም ማንበብ አንችልም። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ቆንጆ ስለነበረች በቃን።)

አሁን ቆዳዋ ሳስቶ ደም ሥሯ ይታያል። ፀሐይ ሲነካት እንደ እሳት ይለበልባታል። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ማሽላ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ከፀሐይ ወዴት ትሸሻለች?

ሐኪሙ አልተቆጡም። ቀስ ብለው «እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም» ብቻ አሏት።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ፀሐዩ በሷ በኩል ስለሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ተቀያየርን። «ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኳት።

ሻርፗን ፊቷ ላይ እየሳበች «አብሽሪ እትዬ፣ ለኔው ብለሽ አይደል?» አለችኝ።

ወላሂ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እስኪ እናንተም ንገሩኝ። እናንተ ያበላሻችሁትን «እኔው ነኝ» ብላ የሸፈነችላችሁ እህት አለች? ካለች፣ ፊቷን ቀና ብላችሁ ማየት እንዴት ቻላችሁ?