ጫኖ ላይ ሳር የጨበጥኩ ዕለት

ስማኝማ ወንድሜ፣ እኔ ማንንም ለምኜ አላውቅም! ጋሞ፣ ጫኖ ከተማ ላይ ሙዝ ስንጭን እኔ ከታች አነሳለሁ፣ የስራ ጓደኛዬ ምትኩ አይሱዙው ላይ ሆኖ ይቀበላል። ትከሻዬ አለቀ! «ቦታ እንቀያየር» ስለው «ሂድ ወደዛ!» አይለኝም? ጎትቼ ላወርደው ስንደረደር ወገቤ እንቅ አድርጎ ያዘኝ። በጉልበቴ ወደቅኩ፤ እንዳልዘረር እርጥብ ሳር ጨበጥኩ።

አንድ ሽማግሌ አይተው «ሳር ይዞ ተንበርክኮልሃል! በጋሞ ይሄ እምቢ አይባልም፣ ታረቀው!» ብለው ምትኩ ላይ ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ። «ኧረ ልደባደብ ነው የመጣሁት!» ልል ስል ምትኩ ወርዶ ፊቴ ተንበረከከ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ።»

ሰዉ አጨበጨበ። «እሺ በቃ፣ ተነስና አንሳኝ» አልኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እኔንም የሚያነሳኝ ፈልግ! ሙዝህን ጎንበስ ብዬ ስቀበል ውዬ፣ አሁን ስንበረከክ ወገቤ ተያዘ።»