የአፎቻ ጠሪዋና የእንግሊዝኛው ምንባብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዝናብ ነበር። የሴቶች አፎቻችን ጠሪ የነበሩት እማማ ፋጡማ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቤት ውለዋል። ሰብሳቢያችን እኔን አስጠሩና፣ "አንቺ እንደሆነ ቤትሽ ተፈልገሽ አትገኚም፤ መዞር ትወጃለሽ። እንግዲያው ለሥራ ዙሪ" አሉኝ። የሹመት ደብዳቤዬ ይኸው ነበር።

አፎቻ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ለሰርግም ለለቅሶም አብሮ የሚቆም ማኅበር። ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ያዥ አለው። ከሁሉም በታች ጠሪ ናት። ሰው ሲሞት ወይም ልጅ ሲዳር ቤት ለቤት ዞራ የምትናገረው እሷ ናት። መሣሪያዋ ጫማዋና ጉሮሮዋ ነው። እኔ ጃንጥላ ጨመርኩበት።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስለየኝ ባሌ ነው፣ አላህ ይርሀመው፤ በየሱቁ በር ያለውን ማስታወቂያ እያነበበልኝ። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ እግሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ።

ያን የመጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ ሰንጋ በር አጠገብ ሞተው ነበር። እኔም ሮጥኩ። መንገዱ በጠበበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ደግሞ መሮጥ ማለት ግድግዳውን በትከሻ እየታከኩ ማለፍ ነው። የመጀመሪያውን ቤት በር ቆረቆርኩና ገና ሳይከፈት "ሞቱ!" ብዬ ጮህኩ። ለካ የቤቱ ባለቤት ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሚስቱ የሷ ባል የሞተ መስሏት እዚያው ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውሃ አርከፍክፈን አነሳናት። ሰውዬውም ድኖ ብዙ ዘመን ኖረ፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "ገዳዬ መጣች" ይለኝ ነበር።

እማማ ፋጡማ ይህን ሰምተው አልተቆጡም። አልጋቸው ላይ ሆነው አስተማሩኝ። "መጀመሪያ ሰላምታ" አሉ። "ከዚያ ልጆቹን ጠይቂ። ሳትረሺ፣ ልጆቹን ጠይቂ። ከዚያ ግቢና ተቀመጪ። ስለ ዝናቡም ስለ ኑሮውም ጥቂት በይ። ዋናውን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። ሰው ጆሮውን እስኪያሰናዳ አትስጪው።"

በዚህ ሕግ ፀጉሬ ሸበተ። አሁን ስልክ ስላለ ብዙውን ጥሪ ሰብሳቢዋ በቴሌግራም ይልኩታል። ለአሮጊቶቹና ወሬው ለሚከብዳቸው ግን እስከ ዛሬም የምሄደው እኔ ነኝ።

ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ።

ልጄ አብዲ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። የሱ ልጅ ኢክራም ከትንሽነቷ ጀምሮ የምታድረው ከእኔ ዘንድ ነው፤ አኮ ትለኛለች፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ አስቀምጦ ነገራት። "ካለፍሽ ተማሪ፤ የትም ድረስ ሂጂ። ካላለፍሽ ግን ሁለተኛው ማሽን ባዶውን ቆሟል። የኔ ዓይን የመርፌ ቀዳዳ ማየት ትቷል።" ክፋት አልነበረበትም። ክር እንድታስገባለት በቀን ስንት ጊዜ ጎረቤት ሲለምን አይቼዋለሁ። እሷ ደግሞ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ሌላው ትምህርት ደኅና ነበር። ወደ ታች የሚጎትታት እንግሊዝኛው ነበር፤ እሱም ምንባቡ።

አንድ ቀን ከሰዓት መደቡ ላይ ተቀምጣ ስታነብ ቆየችና ወረቀቱን ወረወረችው።

"ምን አደረገሽ?" አልኳት።

"ዋና ሐሳቡ ምንድነው ይለኛል፣ አኮ። እኔ በየት በኩል አውቄለት!"

"በአማርኛ ንገሪኝ እስቲ።"

ነገረችኝ። አንድ መንደር ነው። ሴቶቹ ውሃ ከሩቅ ይቀዱ ነበር። ጉድጓድ ተቆፈረ። የፓምፑ እጀታ ሰማያዊ ነው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ተራጩ። አሁን ሴቶች ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እናቶቹም ጎመን ተክለዋል። መጨረሻው ላይ ያ ጉድጓድ የመንደሩን ኑሮ ለወጠው ይላል።

"አንቺ የቱን መረጥሽ?"

"እጀታው ሰማያዊ ነው የሚለውን።"

"ለምን በይ?"

"ሙሉ በሙሉ የገባኝ እሱ ብቻ ነዋ!"

ሁለታችንም ወገባችን እስኪቆረጥ ሳቅን። ከዚያ እኔ ኮራ አልኩና፣ "ይኼማ የኔ ሥራ ነው" አልኳት። "የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፣ እለፊው። መካከሉ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ ነው። ጉዳዩ ያለው መጨረሻ ላይ ነው።" ለጉድጓዱ ምንባብ በትክክል ሠራ። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አይታ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢክራም ምንባብ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ዘላ ከታች ትፈልግ ጀመር።

የሞዴል ፈተናው ውጤት ሲመጣ ከፊተኛውም የባሰ ሆነ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ወላጅ አምጪ አሏት። አብዲ ሥራ ስለ በዛበት እኔ ሄድኩ። ከሸዋ በር በባጃጅ ወጣሁ።

መምህሩ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ገና ወጣት፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

"እናቴ፣ ኢክራም ጎበዝ ልጅ ናት" አሉ። "ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የምንባቡን መጀመሪያ ጨርሶ አታነበውም። ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት አትናገርም።"

"እኔ ነኝ፣ መምህር" አልኳቸው።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አፎቻውን፣ ሰላምታውን፣ በመጨረሻ የሚባለውን። እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። አልሳቁብኝም። ሳቃቸው የመጣው ኋላ ነው።

"እንግሊዝኛ ሰላምታ አያበዛም፣ እናቴ። ብዙ ጊዜ ገና በሩ ሲከፈት ነው ጉዳዩን የሚናገረው።"

"እንደሱ ከሆነ ባለጌ ቋንቋ ነዋ!"

ያኔ ነው የሳቁት፤ ከጎን ክፍል ሌላ መምህር ብቅ ብሎ እስኪያይ ድረስ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ ዋናው ሐሳብ አንዳንዴ ፊት ነው፣ አንዳንዴ መጨረሻ፣ አንዳንዴ መካከል። ከናካቴው ያልተጻፈበትም ጊዜ አለ፤ አንባቢው ከሌላው ሰብስቦ ነው የሚያገኘው። ይኼኛው አልገባኝም። ያልተባለ ነገር እንዴት ዋና ይሆናል? መምህሩን ላለማሳፈር የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ወረቀት ጠርዘው ሰጡኝ፤ ምንባቦች ናቸው፣ ለልምምድ።

ኢክራም እየጠበቀችኝ ነበር። "አኮ፣ ተቆጡሽ?"

"ተቀጣሁ። አብሬሽ ልምምድ እንድሠራ ተፈርዶብኛል።"

ልምምዱን በእግር አደረግነው፤ እኔ ተቀምጬ ማሰብ አልችልም። ቤት ታነበዋለች፣ ከዚያ እንወጣለን፣ መንገድ ላይ በአማርኛ ትነግረኛለች። ከሁሉም የሚያስቸግሯት ከጥያቄው ሥር ያሉት አራቱ ምርጫዎች ነበሩ። ሁሉም እውነት ይመስሏታል።

አንድ ቀን የሸማ ተራውን ጠባብ መንገድ ስንወርድ አህያ ከነጭነቱ መጣና ግድግዳ ላይ ተለጠፍን። እዚያው ተለጥፈን ነገርኳት። "የጎረቤታችን የፋጡማ ባል ቢሞት እኔ ቤት ለቤት ሄጄ 'ትልቁን ድስት አምጡ' ብቻ ብል ሰው ይመጣል?"

"ለምን እንደሆነ አያውቅማ።"

"'ሰው ሁሉ ሟች ነው' ብልስ?"

"እሱን ማን ያጣዋል! ማንም አይነሳም።"

"ስለዚህ ምን ልበል?"

"የፋጡማ ባል ሞቷል፣ እቤቷ ኑ።"

"በቃ። ድስቱ ጠበበ፣ ሟችነቱ ሰፋ። ድስቱም ዝናቡም የተነገረው ለምን እንደሆነ የሚገልጸውን ምረጪ።"

አህያው አለፈ። ባለ አህያው ቆሞ ሲሰማን ነበርና "የፋጡማ ባል ሞተ እንዴ?" ብሎ ጠየቀን። ሰውዬውን ያውቀዋል። ወሬው ሳይሮጥ ለማስቆም "አልሞተም!" እያልን ባለ አህያውን ተከትለን ሮጥን።

ቀስ በቀስ ይሻላት ጀመር። ያልተጻፈው ሲመጣ ግን ትቆማለች፤ እኔም አብሬ እቆማለሁ። "የለም እኮ፣ አኮ! ከላይም የለም፣ ከታችም የለም።"

ፈተናው ሲቃረብ ሰብሳቢያችን አስጠሩኝ። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር የሚኖሩ ሐጂ ዘይነባ የሚባሉ አረጋዊት አሉ፣ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ከልጆቻቸው አንዱ ሌላ ከተማ በመኪና አደጋ ሞቷል። "ይኼ በስልክ አይሆንም። አንቺ ሂጂ" አሉኝ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ኢክራም ክንዴን ይዛ መጣች።

ሐጂ ዘይነባ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥሩ ነበር። አሰላሙ ዓለይኩም አልኩ፣ ወዓለይኩሙ ሰላም አሉ። ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። ስለ ፍየላቸው ጠየቅሁ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት አልኩ። ለሁሉም መለሱልኝ፤ ኢክራምንም ስንተኛ ክፍል ደረስሽ አሏት። ልጆችዎ ደኅና ናቸው የሚለው ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዘልዬው የማላውቀው ጥያቄ ነው። ወደ ዝናቡ ተመለስኩ።

ሐጂ ዘይነባ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት።

"ልጆቼን አልጠየቅሽኝም" አሉ።

አቀረቀርኩ።

"የትኛው ነው?" አሉ።

ስሙን ነገርኳቸው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ፣ ደግመው አሉት። እኔ ምን እንደማደርግ ሳስብ ኢክራም ቀድማኝ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። ጎረቤቶች ተሰብስበው ቤቱ እስኪሞላ ድረስ አልለቀቀችውም።

ስንወርድም ክንዴን ይዛኝ ነበር።

"አኮ፣ መሞቱን አልነገርሻቸውም እኮ" አለች በኋላ።

"አልነገርኳቸውም።"

"ግን ሰሙ። ሌላውን ሁሉ ጠይቀሽ አንዱን ስትተዪ ሰሙ።"

"ሰሙ፣ ልጄ።"

ከዚያ አፍራ፣ መሬት መሬት እያየች፣ "መምህር ያልተጻፈ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ" አለች። በእንዲህ ያለ ቀን ፈተና ማንሳቷ ነውር መስሏት ነው ያፈረችው። አቀፍኳት። ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ራሴን የነቀነቅሁበት ነገር።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። እናቶች አውቶቡሱን እየተከተሉ ሲያለቅሱ እኔም ለሰርግ ይሁን ለለቅሶ ሳልለይ አብሬ አለቀስኩ። ስትመለስ መጀመሪያ በላች፣ ተኛች፣ ከዚያ ነገረችኝ። ምንባቦቹ ውስጥ አንዱ ጉዳዩን በግልጽ የማይናገር ነበር። ምኑ እንደ ቀረ እያየች ሞላችው። ሌላ አንድ ምንባብ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልገባኝም ትላለች።

ውጤቱ የመጣ ቀን በስልኳ አይታው ወደ አባቷ ሱቅ ሮጠች፤ እኔም እንደ አቅሜ ተከተልኳት። ስደርስ ስልኩን ለአብዲ ዘርግታ ቆማለች። እሱ ፊደሉ ስለማይታየው ወደ ዓይኑ ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል።

"አንብቢልኝ" አላት።

"አልፌያለሁ፣ አባ። እንግሊዝኛውንም አልፌዋለሁ።"

አብዲ ማሽኑን አቆመ። መኪና ግርግር ላይ የሌላው ሰው ማሽን ሁሉ ይጮሃል፤ የሱ ብቻ ዝም አለ። አጠገቡ ያለውን ባዶውን ማሽን አየ። እኔ ልናገር ስል ቀደመኝ።

"የሚመድቡሽ ብርድ አገር ሊሆን ይችላል" አለ። "ኮት የለሽም።"

ከአንገቱ ሜትሩን አወረደና ትከሻዋን ለካ። ቁጥሩን ማየት ስላቃተው ጮክ ብላ እሷ አነበበችለት።

አሁን የኢክራም ታናናሽ ጓደኞች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አዲሷ ጠሪያችንም መንገዱን ልታጠና አብራኝ ትዞራለች። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነው። ዋናው ነገር ቋሚ ቦታ የለውም። እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ለምን እንደተነገረ ጠይቁ።