የጥቁር እንጨት ዘር

የዘራ ያጭዳል የሚባለው ውሸት ነው። እኔ አንድ ሙሉ መደብ ጥቁር እንጨት ዘርቼ አንዲት ቅጠል አላየሁም።

ጊዜው ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሰበታ አጠገብ በነበረ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ፣ በየበጋው የአገር ዛፍ ዘር እለቅም ነበር። አገሩን ባሕር ዛፍ ከሸፈነው በኋላ አንድ የበላይ ሰው «የአባቶቻችን ዛፍ ይተከል» ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ እኛ ዘንድ ሲደርስ የአባቶቻችን ዛፍ አልቆ ነበር።

ዘር ለቃሚ ሲባል ቅርጫት አንጠልጥሎ በጫካ የሚንሸራሸር ሰው የሚታያችሁ ካላችሁ፣ በጥር ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ውርጩን ቅመሱት። ጣት አይታጠፍም። የሚለቀመው ደግሞ ወፍ የጫረውና ጦጣ አኝኮ የተፋው ነው። ቡራዩ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ፍሬ ፍለጋ ከጽድ ጽድ ስንዞር ከርመን፣ ሁሉም ወንዴ ዛፎች መሆናቸውን የነገረን ከብት የሚነዳ መንገደኛ ነው። እየሳቀ ነው የነገረን።

በሱሉልታ ሜዳ ጫፍ አንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት ነበር። እዚያ ሆሚ ይሉታል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሚስታቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኔም ኦቦ አልኳቸው። ጭሰኛ ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖረው ባለመሬት ዛፉን ለእንጨት መሰንጠቂያ ሸጦት ከፋሲካ በፊት ሊቆረጥ ነው። ኦቦ ቅርንጫፎቹ ላይ አራት ቀፎ ሰቅለዋል።

«አካም ጅርቱ!» አልኳቸው። የማውቀው ኦሮምኛ እዚያ ላይ ያልቃል።

«እግዜር ይመስገን» ብለው ወደ አማርኛ በማሻገር ገላገሉኝ።

ጎንበስ ብዬ መልቀም ስጀምር ሚስትዮዋ ከደጃቸው ሆነው ያዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ መንግሥት ደመወዝ የሚሰጥህ የወፍ ትራፊ እንድትለቅም ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያ ለጦጣውም ይክፈሉት! ከአንተ በፊት የጀመረው እሱ ነው።»

ኦቦ አልሳቁም። ከጎኔ ቁጢጥ ብለው አብረውኝ ይለቅሙ ጀመር። ጆንያው ሲጋመስ እንዲህ አሉኝ፦ «መሬቱ የእኔ አይደለም። ዛፏም የእኔ አይደለችም። ዘሯን ግን ማንም አልሸጠውም፤ ውሰደው። አንድ ችግኝ ብቻ መልስልኝ፣ ደጄ ላይ እተክላታለሁ።»

«አንድ? ሃምሳ አመጣልዎታለሁ!»

«አንድ ይበቃኛል። ብቻ የዚችው ልጅ ትሁን።» ቀጠሉና፣ «ፀሐይ እንዳታሳየው። ጦጣ በልቶ ጥላ ውስጥ የጣለው ይበቅላል፤ ሜዳ ላይ የወደቀው ይሞታል። ዛሬ አጥበህ ነገ ቅበረው» አሉኝ።

«ኦቦ፣ እርጥብ ዘር ይሻግታል። መጽሐፍ አንብቤያለሁ።»

«መጽሐፉ ሆሚን ያውቃታል?»

«ዘርን ሁሉ ያውቃል።»

ወደ ልቀማቸው ተመለሱ። መጽሐፉ ስለ ስንዴ ነበር።

ሰበታ ስደርስ ፍሬውን ዘፍዝፌ ሥጋውን ፈትጌ አወጣሁ፣ ዘሩን በወንዝ ውኃ አጠብኩ። የጣቢያው ግምጃ ቤት ኃላፊ ጎተራ ሲሞላና ሲጎድል እያየ ያደገ የገበሬ ልጅ ነበር። ማንኛውም ዘር ግምጃ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በጥርሱ ይፈተናል። ከእኔ እፍኝ አንዷን አንሥቶ ነከሳት፤ ለምለም ነች፣ ደግሞም ትመራለች። ተፋት።

«ይኼን እርጥብ ነገር አስገብተህ ቤቴን ልታሻግተው ነው? አስጣው!»

ያዘዘኝ እሱ ነው ብዬ ላመልጥ አልችልም፤ እኔም የማምነው እንደዚያው ነበር። በቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣሁት። ከሰበታ የበጋ ፀሐይ በታች፣ ከጋለ ቆርቆሮ በላይ፣ አሥራ አንድ ቀን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኃላፊው እንደገና ነከሰ፤ ቀጭ አለለት።

«ይኼ ነው ዘር!» አለ። «አባቴ እንዲህ ያለ ገብስ ነበር የሚያስገባ።»

በጣም ደስ አለኝ። ጆንያው ተሰፋ፣ ዝናብ እስኪመጣ ተቀመጠ፣ በሰኔ ዘራሁት። ሐምሌን ሙሉ በየማለዳው መደቡ ላይ እያጎነበስኩ አየሁ። አረም በቀለ፤ አረምኩት። ደግሞ ሌላ አረም በቀለ። በነሐሴ አፈሩን ጫር አድርጌ ጥቂት ፍሬዎች ሰበርኩ፤ ውስጣቸው የተጨማደደ ቡናማ ነገር ነው። ገብስ ደርቆ ይኖራል፤ ጥቁር እንጨት ደርቆ ይሞታል። እኔና ኃላፊው ሁለታችንም የገብስ አገር ልጆች ስለሆንን ከገብስ ሌላ ዓይነት ዘር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለንም። ዛፏም በቀጠሮዋ ተቆርጣለች።

ሄጄ «ኦቦ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ፤ ገደልኩት» ማለት እችል ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። አላልኩትም። ከሰበታ በላይ ካለው ጫካ፣ ከሌላ ዛፍ ሥር፣ አንድ የጥቁር እንጨት ችግኝ ከነአፈሩ ነቅዬ በጣሳ ተከልኩ። መስከረም ላይ ሱሉልታ ይዤው ወጣሁ።

ኦቦ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አንድ ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱ።

«ሽታዋ ነው» አሉ። «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ።

ሚስትዮዋ ሳይተርቡኝ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤት ገብተው አንዲት ቅል ማር ይዘው ወጡ። ዛፏ ከመቆረጧ በፊት ከአራቱ ቀፎዎች የወረደ ነው።

«የእሷ የመጨረሻ ማር ነው» አሉኝ። «ይዘነው የቆየነው ለአንተ ነው።»

ሰበታ ወስጄ በላሁት። ጥሩ ማር ነበር።

በሚቀጥለው ጥር ለልቀማ ስመለስ ጉቶው ከነበረበት ቦታ ላይ ያገኘሁት አመድ ያለበት ጉድጓድ ነው። ዙሪያው ታርሷል።

«ኦቦ፣ ጉቶው የት ሄደ?»

«አቃጠልነው። በክረምት ዙሪያውን አቆጥቁጦ ነበር፣ እስከ ጉልበቴ። የባለመሬቱ ሹም ንቀለውና እረሰው ሲለኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። በሦስተኛው ግን ልጇ ደጄ ቆማለች፣ ጉቶ ምን ያደርግልኛል አልኩ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ማረጋገጫ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ደግ አደረጉ» አልኳቸው።

በዕድሜዬ ብዙ ተናግሬአለሁ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተሟግቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከፋ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዛፏ አልሞተችም ነበር። ዘሯን እኔ በጣራ ላይ ጠበስኩት፤ ሥሯን ደግሞ በእኔ ውሸት የተማመኑት እሳቸው አቃጠሉት። በዓመቱ ሥራዬን ለቅቄ ወጣሁ፤ ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ ጉንፋን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሱሉልታ አልሄድኩም። ቅቤ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች እንደሚነግሩኝ ሚስትዮዋ ሞተዋል። ኦቦ አርጅተዋል፣ ግን አሉ። ደጃቸው ያለችው ዛፍ አድጋ ታፈራለች። ፍሬዋን ለጎረቤት በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው ያድላሉ፤ «ዛሬውኑ ቅበሩት፤ የአሮጊቷ ሆሚ ዘር ነው» ይላሉ አሉ።

ሽማግሌውን በሰላም ተዋቸው የምትለኝ አንባቢ ትኖራለህ። ሰላም ያገኘሁት እኔ እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ የእሳቸው እጅ የገባው የሌላ ዛፍ ልጅ ነው። የራሳቸውን በገዛ እጃቸው ሲያቃጥሉ ማን እንዳስቃጠላቸው ማወቅ ይገባቸዋል። አሥር ጊዜ ልሄድ ተነሥቼ እንጦጦን ሳልሻገር ተመልሻለሁ። አሁን ዕድሜያቸው እኔን የሚጠብቅ አይደለም።

አንተ በጎጃም መንገድ የምታልፍ ሰው፣ ሱሉልታ ላይ ውረድ። ጥቁር እንጨት ደጁ ያለውን ሽማግሌ ጠይቅና ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብላቸው። ማሩን የበላሁበትንም አትዝለል።