ዝምተኛዋ ሙሽራ

በቤታችን ሁሉም ቀልደኛ ነው። ሟቹ ባለቤቴ ሰው በማሳቅ ይተዳደር ነበር፤ ልጄም ያንኑ ወረሰ፤ ሚስቱንም ያገኛት መድረክ ላይ ነው። እኔ በተውኔቶቻችን ሁሉ አማት ነበርሁ። ገና በሠላሳ ዓመቴ ጠጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሼ አማት ሆንሁ። ኋላ ጠጉሬ ራሱ ሸበተና ዱቄቱ ተረፈ።

ባለፈው የሠርግ ወራት ግን ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ውስጥ ስንጫወት ቃል ጠፋኝ። ሰክሮ የገባውን ልጄን «ከማን ጋር ስትጠጣ ዋልህ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «የጥርስ ሐኪም ቀጠሮህን ትተህ የት ዋልህ?» አልሁት። ቀጠሮውን በእርግጥም ትቶት ነበር። ስካሩን ረስቶ ቆሞ ቀረ። ተመልካቹ ሳቀ፤ እኛ ግን ወደ ተውኔቱ የምንመለስበት መንገድ ጠፋን።

በሳምንቱ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ለልምምድ ተቀመጥን። ልጄ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህን የሚያደርገው ለክፉ ወሬ ነው።

«እማዬ፣ እንግዲህ ብታርፊስ?»

«ደከመኝ አልሁህ?»

«አማቷን እሷ ትሥራት» አለና ወደ ሚስቱ አየ። ምራቴ ዓይኗን ከአንዲት ታንኳ ላይ አልነቀለችም።

እነሱ ሰው ሲያስቁ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ በር መጠበቅ አልፈለግሁም። ይህን ግን አልነገርኋቸውም።

«በይ እስኪ ልይሽ» አልኋት።

ተነሣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልግ ጀመር። ከዚያ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ ገላምጣ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ፊቷን አዞረች። ቁርጥ እኔን ሆነች። ልጄ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ግልምጫሽ ይቸኩላል» አልኋት። ሌላ እንከን አላገኘሁባትም።

«አይቆጡኝ እማማ፤ ከእርስዎ ነው የተማርሁት።»

«ማን ተቆጣ? አማቷን ውሰጂ። ያንቺን ሙሽራ እኔ እሠራታለሁ።»

«እማዬ! ሰባ ዓመት ያለፋት ሙሽራ?» አለ ልጄ።

«በእኛ ጊዜ አዲስ ሙሽራ አማቷ ፊት ትናገር ነበር? አንገቷን ደፍታ፣ ተሸፋፍና መቀመጥ ነው። የምረሳው ቃል የለም።»

ምራቴ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

በቀጣዩ ጨዋታችን መድረክ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። ምራቴ ነጠላውን ገልጣ ፊቴን ስታይ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቀጥሎ ልጄ እየተንገዳገደ ገባ። እሷም አፏን ከፈተች፤ ከፍታም ቀረች። እኔ የጠፋብኝ ቦታ ላይ ጠፋባት።

እኔ ግን ትዝ አለኝ። በነጠላዬ ሥር «ከማን ጋር ስትጠጣ ዋልህ» አልኋት፤ ድምፄ ግን ለሹክሹክታ አልተሠራም፤ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ምራቴ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። ሳትቸኩል።

«ሙሽራ አይናገርም!»

ሰው ከሳቁ እስኪመለስ ብዙ ጠበቅን። በማግስቱ ልጄ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። እኔም ሙሽራ እንደሆንሁ አለሁ።