የመሪጌታ አምሐ መድኃኒት ሲፈተን

መሪጌታ አምሐ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ፤ ቁስል ላመረቀዘበትም ቅጠል ይሰጣሉ። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ግን እንኳን ሰፈርተኛው፣ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽም አያውቁም። የሚቆርጡት በማለዳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነው፤ መንገድ ላይ «እንዴት አደሩ?» የሚል ካጋጠማቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

የእህታቸው ልጅ ኤሌኒ ጎንደር ላቦራቶሪ ውስጥ የደጋ ዕፅዋት ጀርም ይገድሉ እንደሆነ ትመረምራለች። «ጋሼ፣ የአንቱንም ልፈትነው» ስትላቸው ተስማሙ። ተስማሙና ለአገር አወሩ። ገበያ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር «የኔ መድኃኒት ጎንደር ገባ» አሉ።

አንድ ነገር ብቻ አላወሩም። አባታቸው ቅጠሉን ለማንም እንዳያሳዩ አስምለዋቸዋል። ስለዚህ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በፌስታል ቋጥረው ላኩላት።

በሁለተኛው ሳምንት ኤሌኒ ደወለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ልበልዎ... ጀርሞቹ ምንም አልሆኑም። እንዲያውም ተስማምቷቸዋል።»

«ተስማምቷቸዋል?»

«አይሠራም ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት አስገባለሁ፤ የአንቱም ስም አለበት።»

ስልኩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ቢናገሩ የአባታቸው መሐላ፤ ዝም ቢሉ አገር ሙሉ መሳለቂያ ሊሆኑ ነው።

«ምነው መሪጌታ፣ ሰው ሞተ?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ።

«ጀርሙ ነው ያልሞተው» ብለው የጎመኑን ነገር ተናዘዙ።

«ለካ አንቱ ኖት ጓሮዬን የላጩት! እኔ እኮ የጎረቤት ፍየል ስረግም ከረምኩ!»

በማግስቱ መሪጌታ እውነተኛውን ቅጠል ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ጎንደር ወረዱ። በሩን አስዘጉ፣ መጋረጃ አስጋረዱና ገለጥ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አስታ ነው!»

«ቀስ በይ!»

«አገሩ ሁሉ ግቢውን የሚጠርግበት አስታ?»

«ቀስ በይ አልኩሽ፣ አንቺ ልጅ!»

ኤሌኒ ሳቋን እያፈነች ቅጠሉን ተቀበለቻቸው። በሳምንቱ ጠርታ ሳህኑን አሳየቻቸው፤ መድኃኒቱ በነካው ዙሪያ ጀርም የሌለበት ጥርት ያለ ክብ ወጥቷል።

«አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር!» አለች።

«የሆስፒታሉ መድኃኒትስ?»

«ሃያ አራት።»

«እሱ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው» አሉ ቀና ብለው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለመ። «ስሙን ልትጽፊው ነው?»

«ግድ ነው። የምጽፈው ግን በላቲን ነው።»

«ላቲን የሚያውቅ አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ ማን አለ?»

«እኔ እስከማውቀው ማንም።»

«እንግዲያው ጻፊው፣ ልጄ! የኔን ስም ግን በአማርኛ፣ ጎላ አድርጊው።»

ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ይመኙሽ ግቢ ይጠርጋሉ። መሪጌታ መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ቆጥ ላይ ሰቀሉት።

ወይዘሮ ይመኙሽ መጥረጊያውን አዩ፤ ባላቸውን አዩ።

«ይኼ ነው? ሠላሳ ዓመት?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ብቻ ጎመኔን አይንኩብኝ።»