ሽማግሌው ሞተሪኖ

ሶዶ ገበያ ዳር ነኝ። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር አሮጌዋ ፒክአፔ «ቃ!» ብላ ዝም ትላለች። አንድ ባለባጃጅ፣ «አባባ፣ ለሙዚየም ይስጧት!» አለኝ። እኔንም ከነመኪናዬ ማለቱ ነው።

ያቺን «ቃ» ግን ከልጅነቴ አውቃታለሁ። ያኔ መኪናዋ የአባቴ ነበረች። እናቴ በወባ እየተንቀጠቀጠች ጋቢና ተቀምጣለች፤ ወደ ዱቦ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ስንል መኪናዋ እምቢ አለች። አባቴ መብራቱን ሲያበራው ቦግ አለ። «ባትሪው ደህና ነው» አለና መዶሻ ይዞ ከሥር ገባ። «ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ በቁጣ አይነሳም፤ ቀስ ብለህ ስትነካው ነው።»

እኔ ጅሉ እውነተኛ ሽማግሌ ከሥር የተኛ መስሎኝ አጎነበስኩና በወላይትኛ ሰላምታ አቀረብኩ። «ሳሮ፣ አያ! እማዬ ታማለች፤ እባክዎ ይነሱልን!»

አባቴ በመዶሻው እጀታ ኳ፣ ኳ አደረገ። እናቴ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። በዚያ ትኩሳት መሃል የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዛሬም ከሥር ገብቼ ኳ፣ ኳ አደረግኩ። ባለባጃጁ ቁልፉን አዞረልኝ፤ መኪናዋ ተነሳች። እኔ ግን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እዚያው ቀረሁ። አባቴ ቢኖር፣ የት ጋ ቢነካኝ እንደምነሳ ያውቅ ነበር።